የዶሪን ፋራናይት

ዶሪን አረፉ። ልጃቸው ግራንት ዛሬ ሰኞ ጠዋት ደውሎ ነገረኝ። ትናንት ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ በዚያው ቀሩ። ቀብሩ ሐሙስ ነው። "ተካ፣ እናቴ ስላንተ ማውራት ትወድ ነበር። ሁለት ሦስት ደቂቃ ብትናገርልኝ" ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ቶስተሬን፣ የዳቦ መጥበሻውን፣ ፈታሁት። ምንም አልሆነም ነበር። መልሼ ገጠምኩት። አሁን ደግሞ ብዕር ይዤ ቆሜ እየጻፍኩ ነው።

መናገር የሚያቅተኝ ሰው አይደለሁም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። እንግሊዝኛን የለመድኩት ከማሽን መመሪያ ደብተር ነው፤ ስለዚህ ሰላምታ ከማወቄ በፊት "ሽፋኑን ከመክፈትዎ በፊት ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ" ማለት አውቅ ነበር። እዚህ ሰው አገር መጥቼ ላቨርተን ኖርዝ በሚባል ሰፈር የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስሠራ የዕቃ ማመላለሻው ቀበቶ ሲቆም ኢንጂነር ከከተማ ይጠራል። ኢንጂነሩ መንገድ ላይ እያለ እኔ አስነሥቼው ሥራ ተጀምሮ ይጠብቀዋል። በምኖርበት ሰፈር በያራቪል እኔ ያልፈታሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለ አዲስ ነው ማለት ነው። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው፤ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ።

ዶሪን ጎረቤቴ ነበሩ። በመካከላችን ያለው የእንጨት አጥር ነው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ "ዶሪን" ነው የሚላቸው። እኔም በአፌ ዶሪን እል ነበር። በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ ነበሩ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል።

የተዋወቅነው በኦቨን ነው። እዚህ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጓሮዬ ውስጥ የአንድ ሰው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገልብጬ ስሠራ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ሰማሁ።

"አንተ ሰውዬ! ሐኪም ነህ ወይስ ገዳይ?"

ቀና ስል በአጥሩ ላይ ነጭ ፀጉርና ሁለት ሰማያዊ ዓይን ብቻ ይታየኛል።

"ሐኪም ነኝ" አልኳቸው።

"ስንት ሞቶብሃል?"

"እስካሁን አንድም።"

"እንግዲያው ና፣ የኔንም በሽተኛ እይልኝ።"

በሽተኛው ከልጄ ከሰላም በዕድሜ የሚበልጥ የጋዝ ኦቨን ነበር። ማዞሪያው ላልቶ ይሽከረከራል፤ ቁጥሮቹም ግማሾቹ ተፍቀዋል። ጎንበስ ብዬ ሳነብ ሦስት መቶ ሃምሳ ይላል። ደነገጥኩ። እርሳስ የሚባለው ብረት በሦስት መቶ ሃያ ሰባት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ከመጽሐፍ አንብቤ አውቃለሁ፤ ይህን ስንት ሰው ያውቃል?

"ዶሪን፣ በዚህ ውስጥ ምን ሊያቀልጡ ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

መሳቅ ጀመሩ። ሣቁ፣ ሣቁና የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዙ። "ኬክ ነው የምጋግረው ልጄ! ይሄ እኮ ፋራናይት ነው።" ስድሳ ዓመት አልፎኝ ልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ቁምሳጥኑን ከፍተው በበሩ ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። አገሩ ወደ ሴልሺየስ የዞረ ጊዜ በእጃቸው የጻፉት ነው። በግራ አሮጌው ቁጥር፣ በቀኝ አዲሱ፤ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ መቶ ሰማንያ። "ለባሌ ነው የለጠፍኩት፤ እኔ አያስፈልገኝም" አሉኝ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ወረቀቱ ግን ቅባት ጠጥቶ እንደ ቆዳ ሆኖ እዚያው አለ።

ጋዙን አልነካሁም፤ ለጋዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ወሰኔን የማውቅ ሰው ነኝ። ማዞሪያውን ግን አጠበቅኩት፤ የተፋቁትንም ቁጥሮች አንድ በአንድ በቀለም ጻፍኩላቸው። በዚያው ቀን ሒሳቡን ተማርኩት፤ ሠላሳ ሁለት ቀንስ፣ በአምስት አባዛ፣ ለዘጠኝ አካፍል። ከዚያ በኋላ ዶሪን ልብስ ሲያሰጡ በአጥሩ ላይ ቁጥር ይወረውሩልኛል።

"ዘጠና አምስት!"

"ሠላሳ አምስት!" እላለሁ ሳልተነፍስ።

የእሳቸው ሒሳብ ሌላ ነበር፤ ሠላሳ ይቀንሱና ለሁለት ይከፍላሉ። "ሠላሳ ሁለት ተኩል" ይላሉ።

"ተሳስተዋል፣ ዶሪን። ሁለት ዲግሪ ተኩል ጎድሏል።"

"ልብስ ለማድረቅ ይበቃል" ይሉኛል።

ብርድን በአዲሱ፣ ሙቀትን በአሮጌው ነበር የሚቆጥሩት። ክረምት ላይ "ዛሬ ጠዋት ሁለት ዲግሪ ነው" ይላሉ፤ በጋ ሲመጣ ግን "ዛሬ መቶ ያልፋል"። ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ልብስ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡና "ሁለት ዲግሪ ስትል ብርዱ ይሰማሃል። አርባ ዲግሪ ግን ምንድነው? የጫማ ቁጥር ነው። መቶ አራት በል፤ ያን ጊዜ ሰው ያዝንልሃል" አሉኝ። ቤት ገብቼ ብዙ አሰብኩበት፤ መልስ አላገኘሁለትም። እኔ መልስ የማጣበት ነገር ጥቂት ነው።

የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ወደቡ አጠገብ በነበረ ፋብሪካ ካንቲን ውስጥ ሲያበስሉ ነው። የቁጥሩ ለውጥ የመጣ ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛ በሌለበት የኦቨኖቹ ማዞሪያ ተለወጠ። ዶሪን ሰኞ ጠዋት ገብተው፣ ለሠራተኛው ያዘጋጁትን በሥጋ የተሞላ ፓይ እንዳይቀዘቅዝ ብለው እንደወትሮው ሁለት መቶ ላይ አስቀመጡት። በፋራናይት ሁለት መቶ ለኦቨን ለብ ያለ ነገር ነው፤ በሴልሺየስ ያከስላል። ስብሰባ ገብተው ሲመለሱ ፓዩ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ጠበቃቸው። ዶሪን አላለቀሱም። አንዱን ፓይ በሰሐን፣ ከሹካና ከቢላ ጋር፣ የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖሩለትና "ማዞሪያውን ስትቀይር ያልነገርከኝ ልታስገርመኝ ፈልገህ ከሆነ፣ ምሳህ ይኸውልህ" አሉት። ይህን ሲነግሩኝ እኔም ሥቄ ነበር። "ሰው ሳይነገረው እንዴት ይቀየርበታል!" ብዬ ተቆጥቼላቸውም ነበር።

ከኦቨን ጋር የኖሩበት ዘመን እጃቸውን አደንዝዞታል። የጋለ ትሪ በባዶ እጅ ሲይዙ አይቻለሁ። "ቆዳዬ ከሰባ ዓመቴ ወዲህ ውሸታም ሆኗል። እኔ የማምነው ቁጥሩን ነው" ይሉ ነበር። ጠዋት በረንዳ ይወጡና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ያነባሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ገብተው ወይ ሹራብ ለብሰው ወይ ሳይለብሱ ይወጣሉ። ብርዱን ቆመው አይቀምሱትም፤ አንብበው ነው የሚወስኑት።

ግራንት ከከተማው ማዶ፣ አንድ ሰዓት በሚፈጅ መንገድ ነው የሚኖረው። ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱ ሰማንያ አምስት ሲሞላቸው ብቻቸውን መኖራቸው ያሳስበው ጀመር፤ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት እንዲገቡ ፈለገ። በመጨረሻ ተስማሙ። አንድ አደገኛ ስሕተት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከፈጸሙ ያለ ክርክር ይሄዳሉ። ይህን ዶሪን ራሳቸው በአጥሩ ላይ ነገሩኝ።

"አንድ ብቻ ነው የቀረኝ ተካ። እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ቢጫ ካርድ ይዤ ነው የምኖረው።"

እየሣቁ ነበር። ግን ወዲያው ዞረው ቤታቸውን አዩት። ያንን ቤት ይወዱት ነበር፤ ባላቸውን ያስታመሙት፣ ልጃቸውን ያሳደጉት እዚያ ነው።

በዚያው ዓመት ግራንት ቤት የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም ኤሲ አስገጠመላቸው። ገጣሚው መጥቶ ሪሞቱን ሲያሳያቸው እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። "የሚገባኝን ቁጥር ካላሳየኝ ነቅለህ ውሰደው" አሉት። ሰውየው በሪሞቱ ላይ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነና ወደ ፋራናይት ቀየረላቸው። ሰባ አምስት ላይ አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ ከማብራትና ከማጥፋት በቀር አልነኩትም። እኔም ገጣሚው የተጫነውን አይቼ ያዝኩ። አንድ ጊዜ ካየሁ አልረሳም።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ጓሮ ወጥቼ መጣሁ። ምንም አላደረግኩም፤ ወጥቼ መጣሁ።

ባለፈው በጋ፣ አንድ አርብ፣ የሪሞቱ ባትሪ አለቀና ጠሩኝ። ዶሪን ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር። ባትሪውን ቀየርኩ። ሪሞቱ አዲስ ባትሪ ሲያገኝ የለመዱትን ቁጥር ረሳና በሴልሺየስ ተነሣ፤ ሃያ አራት አለ። በሁለት ጣቴ ልመልሰው እችል ነበር። ሁለት ቁልፍ፣ ሦስት ሰከንድ። ግን ትክክለኛውን ቁጥር ሳይ ደስ አለኝ። አገሩ ሁሉ ከተቀየረ ስንት ዘመኑ! እኔ በስተርጅና ስንት ነገር ተምሬያለሁ፤ እሳቸው አንድ ቁጥር ቢለምዱ ምን አለበት? ነገ አስረዳቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። በመስኮቱ "ጨርሻለሁ!" ብዬ ጮኽኩ። "ተባረክ!" አሉኝ። በማግስቱ ሰላም መጥታ ፖይንት ኩክ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ፤ ቅዳሜንና እሑድን እዚያ ዋልኩ። ለዶሪን አልነገርኳቸውም።

ሰኞ አርባ ሦስት ዲግሪ ሆነ፤ በእሳቸው ቋንቋ መቶ አሥር። እኩለ ቀን ላይ ሰላም ቤቴ አድርሳኝ ሄደች። ልብሴን ሳልቀይር ዶሪንን ልያቸው ብዬ የጎን በራቸውን ስከፍት ከውስጥ የወጣው አየር ከውጭው የባሰ ነበር። ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወፍራም ቀይ ሹራብ ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ፊታቸው ከሹራቡ ጋር አንድ ሆኗል።

"ተካ፣ ይሄ ማሽን በረዶ ሊያደርገኝ ነው" አሉኝ። ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። "ሃያ አራት ይላል። ወደ ላይ ብጫነው፣ ብጫነው፣ ሠላሳ ላይ ቆሞ አላልፍ አለ። ውሃ እኮ በሠላሳ ሁለት ነው በረዶ የሚሆነው። ስለዚህ ማሞቂያው ላይ አደረግኩት።"

ሪሞቱን አነሣሁ። ሠላሳ ይላል፤ ከጎኑ የፀሐይ ምልክት አለ። በአንድ ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። በፋራናይት ለሚያነብ ሰው ያደረጉት ሁሉ ልክ ነው። ከሠላሳ ሁለት በታች የሆነ ቤት ውስጥ እኔም ማሞቂያ እከፍት ነበር፤ እኔም ሹራብ እለብስ ነበር።

አምቡላንስ ጠራሁ፤ ለግራንትም ደወልኩ። ሹራቡን አወለቅኩላቸው፤ ፎጣ አርጥቤ አንገታቸው ላይ አደረግኩ፤ ውሃ በማንኪያ ሰጠኋቸው። ኤሲውን ወደ ማቀዝቀዣ፣ ቁጥሩንም ወደ ሃያ አራት መለስኩት። ከዚያ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ። ሰባ አምስት አለ። ለምን እንዲህ አደረግሁ? በዚያን ሰዓት ለእሳቸው ብዬ ነው፣ የሚገባቸውን ቁጥር እንዲያዩ ነው አልኩ። አሥር ወር ሙሉ ለራሴ እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ።

ግራንት የደረሰው የአምቡላንስ ሠራተኞች ከኩሽና ሊያወጧቸው ሲሉ ነው። እናቱን ሹራብና ማሞቂያ ምን አመጣው ብሎ ጠየቃቸው። "ሠላሳ ይላል ነው የምልህ!" አሉት። ሪሞቱን ከጠረጴዛው አነሣና አየው።

"እማዬ፣ ሰባ አምስት ነው የሚለው። እንደ ወትሮው።"

ዶሪን ሪሞቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ፊቴ ላይ አንድ ነገር ይፈልጉ ነበር። እኔ ወለሉን አየሁ።

ዳኑ። ግን የቀረቻቸው አንዷ ስሕተት እሷ ሆነች፤ ከሆስፒታል ቤታቸው አልተመለሱም። እንደተስማሙት ያለ ክርክር የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ያ ኦቨንም፣ ያ ወረቀትም የት እንደደረሱ አላውቅም፤ ቤቱ አሁን ሌላ ሰው ይዞታል።

እጠይቃቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ደኅና ነበሩ፤ እዚያም የሻይ ማፍያው ውሃ አይፈላም ብለው ነርሶቹን ያስጨንቁ ነበር። በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ እጄን ያዙና ወደ እሳቸው ሳቡኝ።

"ተካ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሠላሳ ነበር አይደል? አንተም አይተኸዋል አይደል?"

ጥያቄው ቀላል ነበር። መልሱም አንድ ቃል ነው። እኔ ግን በዚያ ሰፈር አንድም በሽተኛ ያልሞተብኝ ሐኪም ነበርኩ።

"አላስታውስም" አልኩ።

እጄን ለቀቁት። "እንግዲያው ግራንት እውነቱን ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ቁጥሮቹም እየከዱኝ ነው።" ከዚያ ቀን በኋላ በአጥሩ ላይ ይወረውሩልኝ የነበረውን ቁጥር ስወረውርላቸው አይመልሱም። "ዘጠና አምስት፣ ዶሪን!" እላለሁ። "አንተ ታውቃለህ" ይሉኛል። ሠላሳ ቀንሰው ለሁለት መክፈላቸውንም ተዉት። ነርሷ ሹራብ ስታለብሳቸው ለብሰው፣ ስታወልቃቸው አውልቀው ይቀመጣሉ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ሰላም ደወለች። ነርስ ናት፤ ከድምፄ ሕመሜን ታውቃለች።

"አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ትንፋሽህ ይቆራረጣል።"

"የቀብር ንግግር እየጻፍኩ ነው።"

"ታዲያ አንተ ንግግር መቼ አስጨንቆህ ያውቃል?"

ነገርኳት። ከባትሪው ጀምሬ "አላስታውስም" እስካልኩበት ድረስ ሁሉንም ነገርኳት።  ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"አባዬ፣ ንግግሩን ተወው" አለች። "መጀመሪያ ለግራንት ደውል።"

"ከቀብሩ በኋላ..."

"አሁን ደውል። ዘግቻለሁ።" ዘጋችው።

ደወልኩ። ለግራንት በእንግሊዝኛ መናገር ለሰላም በአማርኛ ከመናገር ቀለለኝ፤ የማሽን ብልሽት እንደማስረዳ ቅደም ተከተሉን አስቀመጥኩለት። ባትሪ። ሃያ አራት። ዝምታ። ሠላሳ። ሁለት ቁልፍ። ሰባ አምስት።

ጨርሼ ስሙን ጠራሁ።

"ግራንት?"

"በየእሑዱ ትጠይቀኝ ነበር" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። "'ሠላሳ ነበር እኮ' ትለኛለች። እኔ ደግሞ 'እማዬ፣ አልነበረም፤ በዓይኔ አይቻለሁ' እላታለሁ። በየእሑዱ አረምኳት ተካ። አንድ ቀን 'እሺ፣ አልነበረም' አለችኝ። ደስ አለኝ። መቀበል ጀመረች ብዬ ለነርሶቹ ነገርኳቸው።"

ለቀብሩ የጀመርኩትን ወረቀት ገለበጥኩት። 

"ሐሙስ ላይ እንድናገር አሁንም ትፈልጋለህ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እፈልጋለሁ። ግን ሌላ ምንም እንዳትናገር። ደግነቷን ሌላ ሰው ይናገራል፤ ኬኳንም ሌላ ሰው ይናገራል። አንተ ይህንን ብቻ ተናገር።"

"ሰዉ ሁሉ ፊት?"

"ሰዉ ሁሉ ፊት። ነርሶቹም ይመጣሉ።"

ስልኩን ከዘጋሁ ወዲህ ንግግሩን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ነው። ሰላም ላርምልህ ብላ መልእክት ልካ ነበር፤ አይሆንም አልኳት። የራሴ እንግሊዝኛ ይበቃል፤ ማንም ሳያስተምረኝ የያዝኩት ነው። ስለ ራሴ የሚያወሩትን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ስሰርዝ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ከላዩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ዶሪን በዚያን ቀን ሠላሳ አዩ። እኔም አይቻለሁ።"